ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ከባቢ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደንበጫን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ተጉዞ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ከቡሬ ከተማ ይገባል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የበቆሎ፣ የስንዴ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው። ቡሬም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲሠራባቸው መጀመሪያ ከተመረጡት አራት ቦታዎች አንዷ ናት። እህል ባለበት ሚዛን አለ፤ ሚዛን ባለበት መዝገብ አለ፤ መዝገቡም ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገረ ቁጥር ፕሮግራም የሚጽፍና የሚጠግን ባለሙያ መኖሩ ግድ ይሆናል።

ይሁንና የዚህ አገር ባለሙያ አሠራር ከትልልቅ ከተሞች ባለሙያ አሠራር በአንድ ነገር ይለያል። በአዲስ አበባ በአንድ ድርጅት ውስጥ ያለ የፕሮግራም ባለሙያ አንድ ሥራ ይዞ ዓመት ሊከርም ይችላል። በዞንና በወረዳ ከተማ ግን ባለሙያው ጥቂት፣ ሥራው ብዙ በመሆኑ፣ ያው ሰው ጧት የኅብረት ሥራ ማኅበርን የእህል መዝገብ ሲያስተካክል ይውልና ከቀትር በኋላ የትምህርት ቤትን የፈተና ውጤት ፕሮግራም ይከፍታል፤ ማታ ደግሞ ለራሱ ትምህርት የያዘውን ሙከራ ይቀጥላል። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ማለትም በአንድ ኤዲተር ነው። እያንዳንዱ ሥራ የሚፈልገው ቅንብር ግን የተለያየ ነው። የዚህ ንግግር ርእሰ ነገርም ይኸው ነው፤ አንዱ ሥራ የሚፈልገው ቅንብር ወደ ሌላው ሥራ እንዳይሻገር ምን ማድረግ ይገባል? ቅንብሩስ መቀመጥ ያለበት ከሰውዬው ዘንድ ነው ወይስ ከሥራው ዘንድ?

ሀ. ከባቢ ሲባል ምን ማለት ነው

አንድ ፕሮግራም ሲነሣ ብቻውን አይነሣም። ባለሙያዎች «ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል» የሚሏቸውን፣ በዚህ ንግግር «የከባቢ ተለዋዋጮች» የተባሉትን፣ ስምና ዋጋ ያላቸውን አጫጭር ጽሑፎች ተሸክሞ ይነሣል። አንዱ ተለዋዋጭ ሌሎች ፕሮግራሞች በየትኞቹ ፎልደሮች እንደሚፈለጉ ይናገራል፤ ሌላው ሰዓቱ በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል እንዲቆጠር ያዝዛል፤ ሌላው ቋንቋው አማርኛ፣ አገሩ ኢትዮጵያ እንዲሆን ይወስናል፤ ሌላው ደግሞ የመረጃ ቋቱ የት እንደሚገኝና በምን የይለፍ ቃል እንደሚከፈት ያመለክታል።

ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጀምሮ የቆየ ነው። ሕጉም ቀላል ነው። ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሣበት ጊዜ የከባቢውን ቅጂ ያወርሰዋል። ወራሹ የተቀበለውን ቢለውጥ የአውራሹ አይለወጥም፤ አውራሹም ወራሹ ከተነሣ በኋላ የራሱን ቢለውጥ ለወራሹ አይደርሰውም። በቀላሉ የማይገኙ ብዙ ስሕተቶች የሚመነጩት ይህን የውርስ ሕግ ከመዘንጋት ነው።

ለ. ከጧት እስከ ማታ የማይዘጋው ኤዲተር

በፕሮግራም ሊገራ የሚችል ኤዲተር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ኢማክስ ነው። የመጀመሪያው ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሠራ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ጂኤንዩ ኢማክስን ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ አቀረበ። ኢማክስን ልዩ የሚያደርገው አብዛኛው ክፍሉ ሊስፕ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና ተጠቃሚው እየሠራበት ሳለ ሊለውጠው የሚችል መሆኑ ነው። ጽሑፍ ማረም ብቻ ሳይሆን ፕሮግራም ማስኬድ፣ ሙከራ ማድረግና ከመረጃ ቋት ጋር መነጋገር በዚያው በኤዲተሩ ውስጥ ይፈጸማል።

በዚህም ምክንያት ኢማክስ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ለአንድ ፋይል ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ አይደለም። ጧት ይከፈታል፤ እስከ ማታ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ለቀናት አይዘጋም። የተከፈተው እያንዳንዱ ፋይል «ባፈር» በሚባል የራሱ የጽሑፍ ማኖሪያ ይቀመጣል። የሦስት ሥራዎች ሠላሳና አርባ ባፈሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው መገኘታቸው የዘወትር ነገር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ኢማክስ ሲነሣ ከአስነሣው ፕሮግራም ከባቢውን አንድ ጊዜ ይወርሳል፤ ለሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያወርሰውም ይህንኑ ነው። ከተርሚናል የተነሣ ኢማክስ በተርሚናሉ የነበረውን ይይዛል፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት በመጫን የተነሣው ደግሞ ተርሚናሉ የሚያውቀውን ብዙ ነገር ሳያውቅ ሊነሣ ይችላል። «በተርሚናል ይሠራል፤ በኤዲተሩ ግን አይሠራም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁሉም ነገር የሚሠራ መስሎ የተሳሳተውን ሲሠራ ነው።

ሐ. አንድ ምሳሌ

ለምሳሌ ያህል በፍኖተ ሰላም የሚኖር አንድ ባለሙያ ይታሰብ። ሁለት ሥራ ይዟል። አንዱ በቡሬ አካባቢ ላለ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መቀበያ መዝገብ ነው፤ በዚህ መዝገብ የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ ያስገባው እህል ዐይነትና ክብደቱ ይሰፍራሉ። ሁለተኛው የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች የተሠሩት በአንድ ዐይነት ዘዴ በመሆኑ የመረጃ ቋታቸውን አድራሻ የሚያነቡት ከአንድ ስም፣ ከአንድ የከባቢ ተለዋዋጭ ነው።

ባለሙያው ጧት ከቡሬ ስልክ ተደውሎለት፣ የአንድ ገበሬ ክብደት ሁለት ጊዜ መመዝገቡን ይሰማል። ስሕተቱን ለማየት በኢማክስ ውስጥ በእጁ ትእዛዝ ሰጥቶ አድራሻውን ወደ እውነተኛው የቡሬ ቋት ያዞራል፤ ያርማል፤ ያመሰግኑታል። ከቀትር በኋላ የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ይከፍትና እንደ ልማዱ የሙከራውን ትእዛዝ ይሰጣል። ሙከራው ሲጀምር ቋቱን ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያም የማይኖሩ ተማሪዎችን ስም ያስገባል። ሙከራ ሁሉ እንዲህ ስለሚያደርግ የሚያስደነግጥ ነገር አይታይበትም። በከባቢው ውስጥ የቆየው አድራሻ ግን የቡሬ ነበር።

በዚህ ጊዜ የጠፋው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ገበሬው በአህያ ጭኖ፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ፣ ተሰልፎ ያስመዘነው የዓመት ድካሙ ነው። ቅጂ ተቀምጦ ከሆነ ጉዳቱ የአንድ ቀን መጉላላት ይሆናል፤ ካልተቀመጠ ግን ገበሬው በእጁ ያለችውን የወረቀት ደረሰኝ ይዞ «አስገብቻለሁ»፣ «አላስገባህም» ወደሚል ክርክር መግባቱ ነው። ነገሩ ሲመረመር ፕሮግራሞቹ የታዘዙትን ፈጽመው ይገኛሉ፤ ባለሙያውም ቸልተኛ ሊባል አይችልም። ጉድለቱ የአንዱ ሥራ የሆነ ቅንብር ሁሉም ሥራዎች በጋራ በሚያነቡት ቦታ መቀመጡ ነው።

መ. ለአማርኛ ጸሓፊ እንግዳ ያልሆነ መፍትሔ

የመፍትሔው ሐሳብ በአማርኛ ለሚጽፍ የኢማክስ ተጠቃሚ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት የመወከል ሥርዓት አዘጋጁ፤ «ሴራ» በሚል ስም ይታወቃል። በጃፓን አገር የኢማክስን የብዙ ቋንቋ ክፍል የሠሩት ሰዎች የኢትዮጵያን ፊደል አካትተው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ይህን ክፍል ሲቀበል የግዕዝ ፊደልም ከሴራ መተየቢያው ጋር አብሮ ገባ። ይህ የሆነው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን ከማግኘቱ አስቀድሞ ነው። የኢማክስ የቀን መቁጠሪያም የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ የማሳየት ችሎታ አለው።

ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው ነጥብ የሚከተለው ነው። ደብዳቤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በአንድ ባፈር የግዕዝ መተየቢያውን ቢከፍት፣ በአጠገቡ ባለው የፕሮግራም ባፈር የላቲኑ ፊደል እንዳለ ይቆያል። መተየቢያው የኤዲተሩ ሁሉ ሳይሆን የዚያ ባፈር ብቻ ነውና። ኢማክስ ተለዋዋጭን ለአንድ ባፈር ብቻ የማድረግ ኀይል አለው። በፊደል የሚቻለው በከባቢም ይቻላል፤ ኢማክስ ለሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች የሚያወርሰው የከባቢ ዝርዝርና ፕሮግራሞችን የሚፈልግበት የፎልደሮች ዝርዝር ሁለቱም የሊስፕ ተለዋዋጮች በመሆናቸው እንደ መተየቢያው ሁሉ ለአንድ ባፈር ብቻ ሊወሰኑ ይችላሉ።

ሠ. ቅንብሩን ከሥራው ጋር ማስቀመጥ

በአሁኑ ጊዜ ሁለት መንገዶች የታወቁ ናቸው።

አንደኛው የኢማክስ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከኢማክስ 23 ጀምሮ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ዲር ሎካልስ» የሚባል ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። በዚያ ፎልደርና በሥሩ ያለ ማንኛውም ፋይል ሲከፈት በውስጡ የተጻፈው ቅንብር ለዚያ ባፈር ብቻ ይጸናል። መስመር በስንት ባዶ ቦታ እንደሚጀምርና ፕሮግራሙ በምን ትእዛዝ እንደሚጠናቀር ለመወሰን እጅግ ተስማሚ ነው። ጉድለቱ ቋንቋው የኢማክስ ብቻ መሆኑ ነው። ተርሚናሉም ሆነ በሌላ ኤዲተር የሚሠራው የሥራ ባልደረባ አያነቡትም፤ ስለዚህም ያው የቋት አድራሻ በሁለት ቦታ ይጻፍና አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል።

ሁለተኛው መንገድ ከኤዲተሩ ውጭ በተሠራ «ዲርኤንቭ» በተባለ ፕሮግራም የሚሄድ ነው። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ኤንቭአርሲ» የሚባል፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ይቀመጣል፤ የሥራው ከባቢ በሙሉ በዚያ ይጻፋል። ባለሙያው በተርሚናል ወደ ፎልደሩ ሲገባ ከባቢው ይነሣል፤ ሲወጣ የቀድሞው ይመለሳል። ኤዲተሩም ይህንኑ ፋይል እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፤ በዚህም ለተርሚናሉ፣ ለኤዲተሩና ለባልደረባው ምንጩ አንድ ይሆናል።

ኤዲተሩ በሚያነብበት ጊዜ ግን አሠራሩ ሁለት ዐይነት ነው፤ ልዩነቱም ከምዕራብ ጎጃም ገበሬ መስኖ ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ይሆናል። በባህላዊ መስኖ ውኃው በአንድ ዋና ቦይ ይወርዳል፤ የውኃ አባት ተራ ያስጠብቃል፤ ተረኛው ቦዩን ወደ ማሳው ከፍቶ ያጠጣል፤ ሲጨርስ ይደፍናል። ሳይደፍን የሄደ እንደ ሆነ ውኃው ለእርሱ ባልዘራው ማሳ ላይ ይተኛል።

ከሁለቱ አሠራሮች የመጀመሪያው ይህን ይመስላል። ለኤዲተሩ ሁሉ አንድ ከባቢ ይኖራል፤ ተጠቃሚው ከባፈር ወደ ባፈር በተሻገረ ቁጥር ይኸው አንዱ ከባቢ ይለወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሆኖም አንድ ሥራ ከበስተጀርባ ቆይቶ የሚነሣ ከሆነና ተጠቃሚው በመካከሉ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ባፈር ተሻግሮ ቢገኝ፣ የተነሣው ፕሮግራም የሚወርሰው የተሳሳተውን ከባቢ ነው።

ሁለተኛው አሠራር «ኤንቭአርሲ» በሚባለው የኢማክስ ተጨማሪ ክፍል የሚሠራበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባፈር የራሱን ከባቢ እንዲይዝ ያደርጋል። ለየማሳው የራሱ ቦይ እንደ ተቀደደለት ነውና የመድፈን ጉዳይ አይነሣም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የፍኖተ ሰላሙ ባለሙያ በዚህ ዘዴ ቢሠራ ኖሮ፣ የትምህርት ቤቱ ባፈር የቡሬን አድራሻ ከቶ ባላወቀ ነበር።

ይህም ቢሆን ጥንቃቄ የሚሻባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ አንዳንድ የኢማክስ ክፍሎች ሥራቸውን ለመፈጸም ጊዜያዊ ባፈር ይከፍታሉ፤ ጊዜያዊው ባፈር የባለቤቱን ከባቢ ስለማይወርስ፣ ከዚያ የሚነሣው ፕሮግራም የአጠቃላዩን ከባቢ ይዞ ይነሣል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን «ኢንሄሪትኤንቭ» የሚባል አነስተኛ ክፍል ተሠርቷል፤ ከባቢው ወደ ጊዜያዊው ባፈር እንዲተላለፍ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የውርስ ሕጉ እንደ ጸና ነውና፣ ፋይሉ ቢታረም ቀድሞ የተነሣው ፕሮግራም ለውጡን አያይም። ከባቢው እንደገና ከተነበበ በኋላ ፕሮግራሙም እንደገና መነሣት አለበት። ሦስተኛ፣ ኢማክስ ይህን ፋይል ሲያስነብብ ውጤቱ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ፋይሉ ከኢንተርኔት የሚያመጣው ነገር ካለው ኤዲተሩም ከመስመሩ ጋር ይቆማል።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለአካባቢው ባለሙያ ከሌሎቹ ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል፤ የመብራት መቆራረጥም አለ። ስለዚህ የከባቢው ፋይል ከውጭ ምንም ሳይጠብቅ፣ በፎልደሩ ውስጥ ባለው ነገር ብቻ እንዲቆም ሆኖ መጻፍ ይገባዋል። ለፓይተን ሥራ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች በዚያው በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በተለየ ማኖሪያ እንዲቀመጡ ዲርኤንቭ ይፈቅዳል፤ መስመር ባለበት ቀን አንድ ጊዜ የመጡት መስመር በሌለበት ቀን ያገለግላሉ።

ረ. ስለ መታመን

ቅንብርን ከሥራው ጋር ማስቀመጥ አንድ አደጋ ያስከትላል። ፋይሉ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ፋይል ነውና፣ ከሌላ ሰው በፍላሽ የመጣ ፕሮጀክት በተከፈተ ጊዜ የማይታወቅ ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላል። ሁለቱም መንገዶች ይህን አስበውበታል። ኢማክስ ደኅንነታቸውን የማያውቃቸውን ተለዋዋጮች ሲያገኝ ባለቤቱን ይጠይቃል። ዲርኤንቭም ባለቤቱ «ፈቅጃለሁ» እስኪል ድረስ ፋይሉን አያስኬድም፤ ፈቃዱም ለፋይሉ ቦታና ለዚያ ጊዜ ይዘቱ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፈቃዱ ይሻራል። መጠየቁ የሚያሰለች ይመስላል። ሆኖም ሳያነቡ መፍቀድ ሰነድ ሳያነቡ ከመፈረም አይለይም።

የይለፍ ቃልን በተመለከተም ሕጉ አንድ ነው። ሁሉም የሚያየው ፋይል የተለዋዋጮቹን ስምና ጉዳት የማያመጣ የሙከራ ዋጋቸውን ብቻ ይይዛል፤ ምሥጢሩ ከጋራው መዝገብ ውጭ በሆነ በሌላ ፋይል ይቀመጥና ካለ ይነበባል። የእውነተኛው ቋት አድራሻ ደግሞ በዘወትር ከባቢ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ባለሙያው እውነተኛውን መዝገብ መንካት ባስፈለገው ጊዜ ለዚያ ብቻ ወደ ተዘጋጀ የተለየ ፎልደር ገብቶ ይሥራ፤ ሥራውን ሲፈጽም ይውጣ።

ሰ. ከሰውዬው በኋላ

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይቀራል። በትንንሽ ከተሞች ባለሙያ አይበረክትም። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ያለው ነገ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል። ቅንብሩ በእርሱ ኮምፒዩተርና በእርሱ ትዝታ ብቻ የነበረ እንደ ሆነ አብሮት ይሄዳል። ተተኪው ፕሮግራሙን አግኝቶ ማስነሻውን ያጣል፤ ሳምንት ሙሉ ስልክ ሲደውል ይከርማል፤ የቀድሞው ባለሙያም «እኔ ጋ ይሠራ ነበር» ከማለት በቀር የሚረዳው ነገር አይኖርም።

በፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ገጽ የከባቢ ፋይል ግን ከፕሮግራሙ ጋር ይቀራል። የትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ዕትም እንደሚያስፈልግ፣ ሰዓቱ በየትኛው ክልል እንደሚቆጠር፣ የሙከራው ቋት የት እንዳለ፣ የትኛው ምሥጢር ከማን እንደሚጠየቅ ይናገራል። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ቢጻፍ ደግሞ፣ ተተኪው ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን የትእዛዙንም ምክንያት ያገኛል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ስለዚህ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ በእጁ ያሉትን ሥራዎች አንድ በአንድ ቢያይ መልካም ነው። የእያንዳንዱ ከባቢ በራሱ ፎልደር ተጽፏልን? የእውነተኛው ቋት አድራሻ ከሙከራው ተለይቷልን? ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ያለ ስልክ ማስነሣት ይችላልን? ለሦስቱም አዎን የሚል መልስ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ኤዲተሩ ሌሊቱን ሳይዘጋ ቢያድር፣ ሠላሳ ባፈርም ቢከፈት፣ የቡሬው ገበሬ ያስመዘነው እህል በተመዘገበበት ቦታ ይገኛል።